የአብደላ ግድግዳ

ወይዘሮ ተሾመች ቤት ልታይ ወጥታ ሬሳ አየች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለውን የጨርቅ ነጋዴውን የአብደላን ፎቅ ደረጃ ስትወጣ፣ ሐሳቧ ባሕር ዳር ያለ ቤት በመነጽር ማየት ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» አለች። መልስ የለም። ገፋ አድርጋ ብትገባ፣ ያ ሳቂታ የቤት ሻጭ ማቴዎስ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ ደም ረግቷል። በሩን የሚያስደግፍባት ድብልብል ድንጋይ አጠገቡ ወድቃለች።

ተሾመች እዚያው አልጮኸችም። ባናዋን ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችውና ደረጃውን ወረደች። ጩኸቷን የለቀቀችው መናኸሪያው መሃል ስትደርስ ነው፤ ያንንም የደብረ ታቦር መኪና ጥሩንባ ሊውጥባት ምንም አልቀረው።

ኢንስፔክተር ፋንቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ይኸም ዘገየች ያሰኛል። እሷ ስትደርስ ደረጃው ላይ ግማሽ ገበያ ቆሟል።

«ውረዱ እንጂ! ጠበል ነው እንዴ የምትጋፉት?» ይላል ሳጅን አስቻለው፣ ሰዉን በክንዱ እየገፋ።

ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና ባዶ ነጭ ግድግዳ ነው። ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ተሠርቷል፤ ደንበኛ የሚቆምበት ነው። ማቴዎስ ከባሕር ዳር ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ስልኩን ጥቁር የፕላስቲክ መነጽር ውስጥ ይከታል፤ ደንበኛው መነጽሩን ፊቱ ላይ ያስራል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ንፋስ መውጫ ቆሞ ባሕር ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀና ቢል ጣራ፣ ዞር ቢል ወጥ ቤት። በሦስት ሳምንት የከተማው ግማሽ ባሕር ዳር ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት ኖሮ ተመልሷል፤ የገዛ ግን አልተሰማም።

መነጽሩ ጠረጴዛው ሥር ተገኘ። ውስጡ ስልክ የለም። ፊት ለፊቱ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተለድፏል።

«አቧራ ነው» አለ አስቻለው።

ፋንቱ ደብተሯ ላይ «አቧራ» ብላ ጻፈችና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አኖረች።

የጤና መኮንኑ ሬሳውን አገላብጦ፣ «ትናንት ሳይመሽ ነው የሞተው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት አያልፍም» አለ።

ይህን ጊዜ የተሾመች ባል ደምሌ መጣ። የድንችና የእህል ነጋዴ ነው፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር፤ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ሰው ቤት ሲገባ ከመቃኑ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ነው። ዛሬ ግን አልገባም። ደረጃው ላይ ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ ቤት የለሽም?» አላት። «የሰው ሬሳ ልትቀሰቅሺ ነው የማለድሽው?»

«ለልጆቹ ትምህርት ብለን አይደል? ቅዳሜ ሂጂና እዪው ያልኸኝ አንተ!»

«ልጁን ያውቁት ነበር፣ ጋሽ ደምሌ?» አለች ፋንቱ።

«በሩቁ። እኔ ምትሐት ነገር አልወድም፤ እዚህ ደረጃ ላይ ስወጣ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ትናንትም አርብ ገበያ ከተማ ነበርሁ። የገባሁት ለዓይን ሲይዝ ነው።»

አስቻለው ባናውን አጠፈው። የበግ ጠጉር ነው፣ ጥቁር፤ ጫፉ ላይ ዘርፉ ሦስት ሦስት እየሆነ በቀይ ክር ተቋጥሯል።

«ይኸ ለጊዜው እኛ ጋ ይቆያል፣ እትዬ ተሾመች» አለች ፋንቱ።

«ይቆይ። ሬሳ ያለበስሁትን መልሼ አልለብስ። ክሩን ፈትዬ፣ ዘርፉን በእጄ ቋጥሬ ነበር እቴ። መንትያ ነበረው፤ አንዱን ደምሌ አምና ለገዳም ስለት ሰጠው።»

«እንሂድ» አለ ደምሌ።

*

ከምሳ በፊት አብደላ ታሰረ። የጣቢያው አዛዥ ብዙ አላሰቡም። ሐሙስ ማለዳ አብደላ ደረጃው ሥር ቆሞ፣ «በገዛ እጄ ከዚህ ደረጃ ባልወረውርህ አብደላ አይደለሁም!» ብሎ ማቴዎስ ላይ ሲጮህ መናኸሪያው በሙሉ ሰምቷል።

«ብዬዋለሁ» አለ አብደላ። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ጢሙን በሂና አቅልቷል። «ያልሁትን አልክድም። ግድግዳዬን ጨረሱብኛ!»

«እነማን?»

«ደንበኞቹ! ላብ፣ የራስ ቅባት፣ ያልሆነውን ሁሉ እየለቀለቁ። ሰው ቤት ሊገዛ መጥቶ የሰው ቤት ያቆሽሻል? ትናንት ከጁምዓ መልስ ኖራ በጥብጬ ራሴ ቀባሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስሁ። ‹አንድ ጣት ቢያርፍበት ትለቃለህ› አልሁት። ‹እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ አዲስ ቤት ይዤ መጥቻለሁ፣ ልጋብዝዎ?› ብሎ ሳቀብኝ። ትቼው ሱቄ ገባሁ።»

«ሱቅ ውስጥ ማን አየዎት?»

«ማን ያየኛል? ትናንት ገበያተኛው ሁሉ አርብ ገበያ ነው። ጨርቁና እኔ ብቻ ነበርን።»

«እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አብደላ ጣቶቹን አየ። በጥፍሮቹ ሥር ነጭ ነገር ደርቋል። «ኖራ ነዋ። አልሁዎት እኮ!»

አስቻለው ብድግ ብሎ መነጽሩን ከተጠቀለለበት ወረቀት ጋር አመጣ። በጣቱ ጠረግ አደረገና ጣቱን ከአብደላ ጣት አጠገብ አኖረ። አንድ ነው።



«አልነካሁትም» አለ አብደላ። ድምፁ ወርዷል። «ወላሂ፣ ያን ዕቃ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ዓይኔ ይበቃኛል።»

አዛዡ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ? «ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ታቦር ይላካል» አሉ። «ጨርሰናል፣ ፋንቱ።»

«ስልኩስ፣ ጌታዬ? አብደላ ሦስት ስልክ አለው። አራተኛ ምን ያደርግለታል?»

«እሱ ይንገርሽ።»

ከጣቢያው በር ላይ የአብደላ ሚስት አይሻ ሰሃን አቅፋ ቆማለች። ሰውየው እህል አልቀምስም ብሏል። ሱቁ ታሽጓል። ትናንት «ጋሼ አብደላ» ሲለው የዋለ ሁሉ ዛሬ እዚያ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ገና ከመታሰሩ አንድ ሰው የሱቁን በር በድንጋይ መትቷል።

«አርባ ዓመት እዚህ ከተማ ሰርግም ሐዘንም አልቀረንበትም» አለች አይሻ። «ሰኞ ከተወሰደ፣ ነፃ ነው ብለው ቢመልሱት እንኳ ገዳይ እንደተባለ ይኖራል። ታውቂያለሽ አይደል?»

ፋንቱ ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ጊዜው ያ ነው።

*

መሪጌታ ተክለ ማርያም ያን መነጽር በአደባባይ ያወገዙ ብቸኛ ሰው ናቸው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «በሌለበት ቤት የሚገባ፣ ያለበትን ቤት ይረሳል» ብለው ሕዝቡን አስጨንቀዋል። ፋንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር አገኘቻቸው። አጭር ናቸው፤ ተቀምጠው ይሁን ቆመው ብዙ ልዩነት የለውም። ግንባራቸው ላይ ዕብጠት አለ፣ ዳር ዳሩ ወደ ቢጫ የዞረ።

«ምን ሆኑ፣ መሪጌታ?»

«የቤተ ልሔሙ መቃን መታኝ።»

አስቻለው የቤተ ልሔሙን መቃን አየ፤ መሪጌታን አየ። እሳቸው ዘለው ካልሆነ በቀር መቃኑ አይደርስባቸውም።

«ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ሙት ዓመት፤ ከከተማው ውጭ። ሃያ ቄስ ይመሰክራል። የቀረውን ጠላው ይመሰክራል።»

«ማቴዎስ ክፍል ወጥተው ያውቃሉ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ አዛወሩ። «ልጄ፣ ዛሬ ሰውነቴን ያመኛል። ሌላ ቀን ጠይቂኝ።»

ሁለቱ ፖሊሶች ከግቢው ወጡ። አስቻለው ዘወር ብሎ እየተመለከተ፣ «ይዋሻሉ» አለ።

«ይዋሻሉ። ግን ስለ ምን?»

ሃያው ቄስ ተጠየቀ፤ ሃያውም መሰከረ። መሪጌታ ዕለቱን ከድንኳኑ አልወጡም። ዕብጠታቸውም ቢሆን ከሐሙስ በፊት የነበረ ነው። ያ መንገድ እዚያው ቆመ።

*

እሑድ ከሰዓት ብሩክታዊት የምትባል ልጅ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣች። የማቴዎስ ባልደረባ ናት፤ ቤቶቹን የምታነሣው እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። በስልኳ ግን ማቴዎስ አርብ ይዞት የመጣውን ቤት ቅጂ ይዛለች።

«ከዚህ በፊት የሚያሳየው ባዶ ቤት ነበር» አለች። «ያው አንድ ሕንፃ ነው፤ ግን ዕቃ የለውም። ሰው ባዶ ቤት አይወድም። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ማቴ ባሕር ዳር ሲመጣ ሰው የሚኖርበትን አንዱን አነሣን። እመቤቲቱ ደግ ናት፣ ፈቀደችልን። ማቴ አርብ በጠዋቱ መኪና ይዞት መጣ።»

«ስለዚህ ይኸን ቤት ንፋስ መውጫ ውስጥ ማንም አላየውም?»

«አርብ ከሰዓት ካልታየ በቀር፣ ማንም።»

ወደ አብደላ ፎቅ ወጡ። ፋንቱ ጠመኔው ክብ ውስጥ ቆመች። ብሩክታዊት ስልኳን ይዛው በመጣችው ሌላ መነጽር ውስጥ ከታ አሰረችላት።

ሰገነት ላይ ናት። ከእግሯ ሥር መንገድ፣ ዘንባባ፣ ባጃጅ፤ ወዲያ ማዶ ሐይቁ። ቀና ስትል ደግሞ ፊት ለፊቷ፣ እጅ ቢዘረጋ የሚነካ የሚመስል፣ ወርቅማ ጉልላት ከነመስቀሉ ቆሟል።

አላሰበችበትም። ማን ያስባል? ቀኝ እጇ ተነሣ፣ አማተበች፣ ልትሳለም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዳ ጎንበስ አለች። እና ጓ!

«ኢንስፔክተር!» አለ አስቻለው፤ ከዚያ ሳቁን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞረ። «የአብደላን ግድግዳ ተሳለሙት?»

ፋንቱ መነጽሩን አወለቀች። ግንባሯ ይሞቃል። መነጽሩ ፊት ለፊቱ ላይ ነጭ ኖራ ተለድፏል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የመነጽሩ ጠርዝ ኖራውን ፍቆ ትንሽ ቅስት ትቷል።

ከዚያ ቅስት በላይ፣ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሌላ ቅስት አለ።

«አትሳቅ» አለች ቀስ ብላ። «ና እየው።»

አስቻለው መጣ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ብሩክታዊት፣ የድሮውም ቤት ከሰገነቱ ነው የሚጀምረው?»

«አዎ። ማቴ ሲነግረኝ እስቅ ነበር። ‹የጋይንት ሰዎች ቤት አይተው ሳይሆን ተሳልመው ነው የሚመለሱት› ይለኝ ነበር። ግንባራቸውን እንዳይመቱ ክቡን ወደ ኋላ አርቆት ነበር፤ አሁንም ይደርሳሉ?»

ፋንቱ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «መሪጌታ፣ ግንባርዎን የመታዎት የቤተ ልሔሙ መቃን ነው ወይስ የአብደላ ግድግዳ?»

ወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ። «ረቡዕ ዕለት ነው» አሉ መሪጌታ። «ሳላይ ያወገዝሁ እንዳልባል... ለምርመራ ነበር የገባሁት። ለሰው አትንገሪ።»

ስልኩን ዘጋች። የአብደላ ጩኸት ሁሉ አሁን ገባት፤ ላቡ፣ የራስ ቅባቱ። ግድግዳው አርብ በዘጠኝ ሰዓት አዲስ ተቀባ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሊሳለም ግንባሩን አሳርፎበታል።

«አብደላ ቤተ ክርስቲያን አይሳለም» አለ አስቻለው።

«አይሳለም። ማቴዎስም ይኸን ጉልላት ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ ግንባሩም ንጹሕ ነበር። የተሳለመው ደንበኛ ነው። ከእኔ በአንድ ስንዝር የሚረዝም።»

«ረጅምማ ብዙ ነው።»

«እስቲ የቀረውን ልየው።»

መነጽሩን መልሳ አሰረች። ይህን ጊዜ እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዞረች። ሳሎን። መጋረጃ፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን መጫወቻ። ሶፋው ላይ የተዘረጋ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና። ዘርፉ ሦስት ሦስት እየሆነ በቀይ ክር ተቋጥሯል።

ፋንቱ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

«የሴትዮዋ ባል ማን ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አላየሁትም። ‹ነጋዴ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣልኝ› አለችን።»

*

ባዩ አይሱዙ ነጂ ነው፤ ከአርብ ገበያ እህል ይጭናል። ፋንቱ እሑድ አመሻሽ ላይ ጎማ ሲቀይር ደረሰችበት።

«አርብ ጋሽ ደምሌን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቶሎ ተመለስን።»

«ስንት ሰዓት አወረድኸው?»

«አሥር ሰዓት አካባቢ፣ መናኸሪያው በር ላይ። ‹እስቲ ሚስቴ ነገ የምታየውን ቤት ቀድሜ ልየው፣ እነዚህ ከተሜዎች ያታልሏታል› አለኝ። ምነው?»

«ምንም። ጎማህን ቀይር።»

*

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ወደ ደብረ ታቦር የምትሄደው የፖሊስ መኪና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሞተሯን አስነሥታለች። አብደላ ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ ተቀምጧል። ፋንቱ አዛዡን፣ «ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፤ ካልሆነ ራሴ አደርሰዋለሁ» ብላ መኪናዋን አስቁማ ወደ አብደላ ፎቅ መጥታለች።

ተሾመች ቃሏን ጨርሳ እንድትሰጥ በስፍራው ተጠርታለች። ደምሌም አብሯት መጣ። ሚስቱን ብቻዋን ሊተዋት አልወደደም። ከበሩ ሳያልፍ ቆመ።

«እትዬ ተሾመች፣ ያን ዕለት ሊያዩት የመጡትን ቤት አሁን ይዩልኝ» አለች ፋንቱ።

«ምን ያደርግላታል?» አለ ደምሌ። «የሰው ደም በፈሰሰበት! ተሾመች፣ ነይ ውረጂ።»

«መንግሥት ካዘዘኝ አያለሁ» አለች ተሾመች። የምትፈራው ግን ዕቃውን ነው።

ፋንቱ አሰረችላት። ተሾመች «ወይኔ!» አለች፤ ሳቀችም። «ባሕር ነው እንዴ ይኸ? አይ ሐይቁ ነው!» ከዚያ ዝም አለች፤ እጇ ተነሣ፣ አማተበች። ልትሳለም ስትጠጋ ፋንቱ መዳፏን በግንባሯና በግድግዳው መካከል አገባችላት።

«አሁን ይዙሩ፣ እትዬ። ወደ ቤቱ።»

ተሾመች ዞረች። ፈገግታዋ መጀመሪያ ላይ አልጠፋም። መጋረጃውን አየች፣ ሶፋውን አየች። ከዚያ እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ባናውን ልትዳስሰው፤ ጣቶቿ ግን ባዶ አየር ጨበጡ።

«የኔ ነው» አለች። «ይኸ ባና የኔ ነው። ደምሌ! ለገዳም ሰጠሁት አላልኸኝም?»

መናኸሪያው ውስጥ ረዳት «ወረታ! ወረታ!» ይላል።

«ደምሌ፣ እዚያ ላይ የልጅ መጫወቻ አለ።»

«አውልቂው» አለ ደምሌ። «ተሾመች ሙች፣ አውልቂው።»

«ጋሽ ደምሌ» አለች ፋንቱ፣ «እዚህ ወጥተው አያውቁም። እስቲ ይግቡና ከዚህ ግድግዳ አጠገብ ይቁሙልኝ።»

አስቻለው ከኋላው መጥቶ ነበር። ደምሌ በሩ ላይ ከለመደው በላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለውን የላይኛውን ቅስት አየ። መቆም አላስፈለገውም። ጎንበስ እንዳለ ግንባሩና ቅስቱ ቁመታቸው እኩል እንደሆነ ሕፃንም ያየዋል። ወንበሩ ላይ ዝፍ አለ።

«መጀመሪያ ጉልላቱን ነው ያየሁት» አለ። «ደስ አለኝ። ሁልጊዜ ከዚያ ሰገነት እሳለመዋለሁና ሰውነቴ ለመደው። ዞር ስል ቤቴን አየሁት። የገዛ ቤቴን! ‹አጥፋው› አልሁት። ‹ጋሽ ደምሌ፣ ይኸን የመሰለ ቤት ለምን ይጥፋ? ነገ ጠዋት እትዬ ተሾመች ያዩታል፣ ይወዱታል› ብሎ ሳቀ። ምንም አያውቅም። አላወቀም እኮ! ስልኩን ሊያወጣልኝ ጎንበስ ሲል...»

ድንጋይዋን በዓይኑ ፈለጋት። የለችም፤ ፖሊስ ጣቢያ ናት።

«ስልኩስ?»

«ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ።»

ተሾመች መነጽሩን አወለቀች። ፊቷ ላይ ጠርዙ ቀይ ሰንበር ትቷል። ባሏን አላየችውም። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ፣ እንደ ሰው ዕቃ፣ አኖረችው።

«አንድ ሰው ታስሯል አላሉም?» አለች ለፋንቱ። «በዚህ ምክንያት?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ ምን ትጠብቂያለሽ? አስፈቺው እንጂ።» ከደረጃው ልትወርድ ስትል ቆመች። «ያቺ ሴትዮ ቤቱን ትኑርበት፤ ሕፃን አላት። ባናዬን ግን አስመጡልኝ።»

*

ያቺው የደብረ ታቦር መኪና በሦስት ሰዓት ደምሌን ይዛ ሄደች። አይሻ ከጣቢያው በር ሰሃኑን ይዛ ስትገባ፣ አብደላ ቆሞ ነው የበላው፤ መቀመጥ አስጠልቶታል። መናኸሪያውን ሲያቋርጡ ሁለት ሻይ ሻጮች «ጋሼ አብደላ፣ እንኳን አላህ አወጣዎት» አሉት። ሌሎቹ የጫማቸውን ክር ያስሩ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ፋንቱ ወደ ፎቁ ብትወጣ፣ አብደላ የኖራ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ግድግዳው ፊት ቆሟል።

«እንዳይነኩት!» አለች ከበሩ። «ዐቃቤ ሕግ መጥቶ ሳያይ አንድ ጠብታ እንዳያርፍበት።»

አብደላ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ መለሰው። ሁለቱን ቅስቶች ትኩር ብሎ አያቸው፤ በጣቱ ሳይነካ ለካቸው።

«የላይኛው የደምሌ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ይቺ ከታች ያለችውስ? ዐቃቤ ሕጉ የማን ናት ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?»

አብደላ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

«ግንባርዎን ይጥረጉ፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ኖራዬን ይዘውብኝ ነው የሚዞሩት።»